ደላላ፦ መሪ ወይስ አባባይ?

ደላላ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ሥሩ መምራትን፣ መንገድ ማሳየትን ያመለክታል። በእኛ አፍ ግን «ደለለ» ማለት አባበለ፣ አታለለ ነው። ቤት ሊገዛ አርባ ምንጭ የወረደ ሰው በእነዚህ ሁለት ፍቺዎች መካከል ቆሞ ይዋዋላል።

የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መዲና ቀድሞ ደጋማዋ ጨንቻ ነበረች። በዚያው አቅራቢያ ዶርዜዎች ከቀርከሃ የሚሠሩት ቤት ግርጌውን ምስጥ ሲበላው ዝቅ እያለ የሚኖር፣ ሲያስፈልግም በሰው ሸክም ቦታ የሚለውጥ ነው። (እንዲህ ላለ ቤት ደላላ ምን ይሠራል!) መዲናዋ በ1950ዎቹ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ ወዳለው ስፍራ ስትወርድ ግን ሲቀላና ሴቻ የሚባሉ የከተማ ሰፈሮች በቀሉ፤ የማይነቀል ቤትም መጣ። በ1952 የወጣው የንግድ ሕግ ደላላን ተዋዋዮችን የሚያገናኝ ነጋዴ ብሎ አውቆት ነበር።

ነገሩን የለወጠው ሐምሌ 1967 የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም አለ። ስለዚህ የሚሸጠው ቤቱ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ዓይነት ሁለት ቤቶች፣ አንዱ በአስፋልት ዳር፣ ሌላው በጓሮ ቢሆኑ ዋጋቸው እኩል አይሆንም፤ የማይሸጠው መሬት ዋጋ በሚሸጠው ቆርቆሮ ላይ ተጭኖ ይከፈላል። ይህ ዋጋ በየትም መዝገብ አልተጻፈም። በውል ላይ የሚሰፍረውም ብዙ ጊዜ ግብር ፈርቶ ያነሰ ነው። እውነተኛው ዋጋ የሚኖረው በደላላው ራስ ውስጥ ነው፤ ኃይሉም ይኸው ነው።

የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋሙ በ1996 ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ በ2015ም ከተማዋ ከአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ማዕከላት አንዷ ስትሆን፣ ዘመድ የሌለው እንግዳ በዛ። እንግዳው ዛሬ በቴሌግራምና በፌስቡክ ይፈልጋል። ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገቱን ሳይወጣ በአንድ ምሽት ብዙ ቤት አይቶ ያወዳድራል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን «ካርታ ያለው፣ ዋጋ በስልክ» የሚለውን አንብቦ ሲደውል የሚያነሣው ብዙ ጊዜ ያው ደላላ ነው።

ቤቱ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበት የሚያውቀው የማዘጋጃ ቤቱ ፋይል ነው። ያልተከፋፈለ የወንድማማች ውርስ መሆኑን የሚያውቁት ደግሞ አጥር የሚጋሩት ጎረቤቶች ናቸው፤ ቀብድ ሳይከፈል በፊት ደጃቸውን ለሚያንኳኳ ሰው አብዛኞቹ አይደብቁም፤ ክፍያም አይጠይቁም።