ከመቶው ዘጠናው ተመለሰ

በ1911 መከር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሊዮን ሊዮንውድ ቢን የተባለ የሜይን ሰው ከአደን ሲመለስ እግሩ በስብሶ፣ ብርዱ አጥንቱ ድረስ ዘልቆት ነበር። ዕድሜው ወደ 40 ተጠግቷል። በ12 ዓመቱ እናትና አባቱን ያጣ፣ ጫካና ወንዝ ሲያይ ሥራውን የሚረሳ፣ በፍሪፖርት ከተማ በወንድሙ የልብስ ሱቅ የሚሠራ ሰው ነው። የዚያን ዕለት ያስመረረው ነገር በአካባቢው አዲስ አልነበረም፤ እግሩ ሳይረጥብ ከአደን የሚመለስ ሰው ብርቅ ነበርና።

ሜይን በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ከካናዳ ጋር የምትዋሰን ግዛት ናት። አብዛኛው መሬቷ ደን ነው፤ በደኑ ውስጥ ረግረጉና ጅረቱ ብዙ ነው። የአጋዘን አደን ወቅት ሲደርስ መሬቱ አንድ ቀን ጭቃ፣ በማግስቱ በረዶ ይሆናል። የዘመኑ አዳኝ ሁለት ዓይነት ቦት ጫማ ነበረው። እንጨት ቆራጮች የሚጫሙት፣ ሁለመናው ቆዳ የሆነው ቦት ውሃ ሲጠጣ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይገተራል። ሁለመናው ጎማ የሆነው ውሃ ባያስገባም እግርን በላብ ይቀቅላል፤ ክብደቱም ረጅም መንገድ አያስኬድም።

ቢን ሁለቱን አጋባቸው። ጎማ ጫማ ወስዶ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄደና ከላይ ቀለል ያለ ቆዳ እንዲሰፋበት አደረገ። ረግረጉን የሚነካው የታችኛው ክፍል ጎማ፣ ቁርጭምጭሚቱን አቅፎ ወደ ቅልጥም የሚወጣው ደግሞ ቆዳ ሆነ። ራሱ ሞከረው፤ ወደደውም። «የሜይን የአደን ጫማ» ብሎ ሰየመውና በ1912 ሊሸጠው ተነሣ።

አሻሻጡ የሚደነቅ ነው። ሜይን ከሌላ ግዛት ለሚመጡ አዳኞች ፈቃድ ትሰጥ ስለነበር የባለፈቃዶቹ ስም በመዝገብ ሰፍሯል። ቢን ዝርዝሩን አገኘና ሦስት ገጽ ማስታወቂያ አሳትሞ ላከላቸው። ጫማውን አሞገሰ፤ ፍጹም የሚያረካ መሆኑንም በሙሉ ዋስትና አረጋገጠ። ገዢዎቹ ሻጩን አይተውት አያውቁም። ጫማውን በእጃቸው ሳይዳስሱ፣ በእግራቸው ሳይለኩ ገንዘባቸውን በፖስታ ሰደዱለት። ያን ያደረጉት ወረቀቱ ላይ በሰፈረው ቃል ተማምነው ነው።

100 ጥንድ ተሸጠ። ቢን የመሠረተው ኩባንያ ራሱ እስከ ዛሬ እንደሚተርከው 90ው ተመልሶ መጣ።

ጥፋቱ የስፌቱ ነበር። ቆዳና ጎማ በአንድ ክር ቢያያዙም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ቆዳ በመርፌ ሲበሳ ክሩን ጨምድዶ ይይዛል። ለስላሳ ጎማ ግን እያንዳንዷ የመርፌ ቀዳዳ የመቀደድ መነሻ ትሆንበታለች። አዳኙ በተንበረከከ፣ ግንድ በተሻገረ፣ ዳገት በወጣ ቁጥር ጫማው ይታጠፋል፤ በታጠፈ ቁጥር ክሩ ጎማውን ይስበዋል። ቀዳዳ ከቀዳዳ ይገናኝና ጎማው በስፌቱ መስመር እንደ ቴምብር ይቀደዳል። ቆዳው እግር ላይ ይቀራል፤ ጎማው ጭቃው ውስጥ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ቁሳቁሱ ግን ሐሳቡን መሸከም አቃተው።

ቢን ብዙ ማምለጫ ነበረው። ደንበኞቹ ሩቅ ናቸው፤ መጥቶ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚጮህበት የለም። አዳኞቹ ጫማውን አላግባብ ተጠቅመውበታል ማለት ይችል ነበር። ግማሹን ገንዘብ መልሶ መደራደር ይችል ነበር። እሱ ግን ለሁሉም ገንዘባቸውን መለሰ። ከዚያ 400 ዶላር ተበድሮ ቦስተን ሄደና ዩናይትድ ስቴትስ ራበር የተባለውን የጎማ ኩባንያ ስፌት የሚችል ጎማ እንዲሠራለት አግባባ። አዲሱን ጎማ ከቆዳው ጋር አሰፋ፤ እንደገናም ማስታወቂያ በተነ።

ይህ ታሪክ በአሜሪካ የንግድ መጻሕፍት ውስጥ ተደጋግሞ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጎላው ገንዘቡ መመለሱ ነው። ከባዱ ሸክም ግን ብድሩ ላይ ነበር። ከቦስተን ወይም ከኒው ዮርክ ተነሥቶ ሜይን ለመድረስ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ፣ የባቡር ቲኬት ቆርጦ፣ መሪ ቀጥሮ የመጣ አዳኝ ጫማው በሁለተኛው ቀን ቢቀደድበት የአደን ሳምንቱ ከስሮበታል። የጫማው ዋጋ ሳንቲም ሳይጎድል ቢመለስለትም ሳምንቱ አይመለስለትም። ስለዚህ ገንዘቡ የተበደለውን ሰው ቢክስም፣ የሚቀጥለውን አዳኝ ከዚያው በደል ያዳነው የቦስተኑ ጉዞ ነው። 90ዎቹ ጥንዶች ወደ ፍሪፖርት ባይመለሱ ኖሮ ደግሞ ቢን ስፌቱ የት ላይ እንደሚበጠስ በምን ያውቅ ነበር? እያንዳንዱ የተቀደደ ጫማ ጥፋቱን በግልጽ እያሳየ ነው የመጣው። ጫማዎቹን ያስመለሳቸውም ዋስትናው ነው፤ ዋስትና ባይኖር የተቀደደ ጫማ አንድ ጥግ ይጣላል፣ ገዢውም ሁለተኛ ያንን ስም አይሰማም።

ገንዘብ የመመለስ ቃል የቢን ፈጠራ አይደለም። ቺካጎ ላይ በ1872 በፖስታ መሸጥ የጀመረው ሞንትጎመሪ ዋርድ በ1875 ያልረካ ደንበኛ ገንዘቡ እንደሚመለስለት አስታውቆ ነበር። ሳያይ የሚገዛ ገበሬ ሌላ ምን መተማመኛ አለው? ቢንን የሚለየው ቃሉ ገና ንግዱ ሳይቆም፣ የተመለሰው ዕቃ ሊያጠፋው በሚችልበት ሰዓት መፈተኑ ነው። ትልቅ ኩባንያ መቶ ጫማ ቢመለስበት በሒሳብ መዝገቡ አንድ መስመር ነው። ለቢን ግን ያለው ሁሉ ነበር።

ዘመኑም አገዘው። እስከ 1912 መጨረሻ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ከ4 ፓውንድ በላይ የሚመዝን ጥቅል አይቀበልም ነበር፤ ከዚያ በላይ ያለው በግል አጓጓዦች እጅ ነበር። ጥር 1 ቀን 1913 የጥቅል ፖስታ አገልግሎት ሲጀመር ክብደቱ እስከ 11 ፓውንድ ከፍ አለ፤ ጫማ ከትንሽ ከተማ ወደየትም መላክ ቀላል ሆነ። መላክ ሲቀል መመለስም ይቀላል። ጥፋቱን ሳያርም ማስታወቂያውን ብቻ ላበዛ ነጋዴ ያ አዲስ የፖስታ መንገድ የተቀደደ ጫማ ያጎርፍለት ነበር። ለቢን ግን ትእዛዝ አመጣለት። ወንድሙ ጋይ የፍሪፖርት ፖስታ ቤት ኃላፊ ነበር፤ ውሎ አድሮም የጫማው ሥራ ከፖስታ ቤቱ በላይ ባለው ፎቅ ይካሄድ ጀመር።

አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ ገዝቶ የሚያውቅ አንባቢ ከባንኮኒው ኋላ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንዳየ ይቁጠር። ቢን በ1916 ያወጣው ማስታወቂያ የዚህ ተቃራኒ ነበር። ሽያጭ ተጠናቀቀ የሚባለው ዕቃው አልቆ፣ ገዢው ያኔም እንደረካ ከቀረ ነው አለ። ያላረካውን ዕቃ የሚመልስለትን ሰው እንደሚያመሰግን ጻፈ። በኩባንያው ዕቃ ያልረካ ሌላ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ ውለታ እቆጥረዋለሁ ሲልም ጨመረ። ይህ የመጨረሻው ነገር ቆም ብሎ ማሰብ ይገባዋል። ቅሬታን መቀበል አንድ ነገር ነው፤ ዝም ያለውን ቅሬታ ፈልጎ መሄድ ግን ሌላ ነው። 90ው ጫማ ያስተማረው ሰው ባይሆን እንዲህ ብሎ መጻፍ ይከብደው ነበር።

ደንበኞቹ በአብዛኛው ወደ ሰሜን የሚጓዙ አዳኞችና ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ፍሪፖርት የሚደርሱት ደግሞ በውድቅት ሌሊት ነው። በሩ ላይ የሌሊት ደወል ተሰቀለላቸው፤ የደወለ ይከፈትለታል። በ1951 ሱቁ ቀንም ሌሊትም፣ ዓመቱን ሙሉ ክፍት እንዲሆን ተወሰነ፤ የበሩም ቁልፍ ወለቀ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የዓሣ መንጠቆ የሚፈልግ ሰው የሚያገኝበት ቦታ ሆነ። በ1937 ዓመታዊ ሽያጩ ከ1 ሚሊዮን ዶላር ያለፈው ቤት በዚያ ሁሉ ጊዜ የአንድ ሰው ጠባይ ማራዘሚያ ነበር ማለት ይቻላል፤ ካታሎጉን የሚጽፈው፣ ዕቃውን ጫካ ወስዶ የሚሞክረው ቢን ራሱ ነው።

በ1967 በ94 ዓመቱ ሲሞት የልጅ ልጁ ሊዮን ጎርማን ተተካ። ጎርማን የገጠመው ጥያቄ አያቱን አልገጠመውም። አንድ ሰው በጠባዩ የሚጠብቀውን ቃል፣ ደንበኛውን በስም የማያውቅ የሺህ ሰዎች ድርጅት እንዴት ይጠብቀዋል? ጎርማን በኃላፊነት ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ሲቆይ ድርጅቱ በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚሸጥ ሆነ፤ ቃሉም የጊዜ ገደብ ሳይበጅለት እንደነበረ ቀጠለ።

በሌላኛው የአሜሪካ ዳርቻ፣ በሲያትል፣ ሎይድና ሜሪ አንደርሰን የተባሉ ተራራ ወጪ ባልና ሚስት ከጓደኞቻቸው ጋር በ1938 ያቋቋሙት አር ኢ አይ የተባለው የኅብረት ሥራ ማኅበርም ተመሳሳይ ልማድ ነበረው፤ ያላረካ ዕቃ በማንኛውም ጊዜ ይመለሳል። በ2013 ግን ገደቡን ወደ 1 ዓመት አወረደው። ለዓመታት በጫማው ተራራ ወጥቶ፣ ሶሉ ሲያልቅ ገንዘቡን የሚጠይቅ አባል ስለበዛ ነው።

ፍሪፖርት አምስት ዓመት ቆይታ ተከተለች። የካቲት 2018 የቢን ኩባንያ የመቶ ዓመቱን ዋስትና ዘጋው፤ ከዚያ ወዲህ ዕቃ የሚመለሰው በ1 ዓመት ውስጥ፣ ደረሰኝ ሲቀርብ ብቻ ነው። ኩባንያው ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት በእንዲህ ዓይነት ተመላሽ ዕቃ 250 ሚሊዮን ዶላር ማጣቱን ተናገረ። ሰዎች ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ቦታ በጥቂት ሳንቲም የገዙትን ያረጀ ጫማ አምጥተው በአዲስ እስከ መለወጥ ደርሰው ነበር። ብዙ ነባር ደንበኞች አዘኑ፤ ፍርድ ቤት የሄዱም አሉ። ሐዘናቸው ይገባል። ግን 1912ን ላስታወሰ ሰው ልዩነቱ ወለል ብሎ ይታያል። የዚያን ጊዜዎቹ 90 ጥንዶች የሠሪውን ጥፋት ይዘው ነበር የመጡት፤ ቢን ከእነሱ ተምሮ ቦስተን ሄደ። ሃያ ዓመት ከተለበሰ በኋላ የሚመለስ ሸሚዝ ለሠሪው ምን ይነግረዋል? ማርጀቱን ብቻ ነው። አዲሱ ደንብ ይህን ለይቷል፤ ዓመቱ ካለፈ በኋላም በቁሳቁሱ ወይም በአሠራሩ ጉድለት የተበላሸ ዕቃ ከቀረበ ይታያል።

ከሁሉ የቆየው ግን ጥገናው ነው። የቢን ቦት ዛሬም ሜይን ውስጥ፣ በብራንዝዊክና በሉዊስተን፣ በሰው እጅ እየተመራ ይሰፋል። ጎማው ያለቀበት ደንበኛ ጫማውን ጠቅልሎ ይልካል፤ ሂሳቡንም ይከፍላል። ሠራተኛዋ ያረጀውን ጎማ ከቆዳው ትለያለች፣ አሮጌውን ክር ትነቅላለች፤ በባለቤቱ ቅልጥም ቅርጽ የታጠፈውን፣ እሾህ የቧጨረውን ቆዳ ግን አትነካውም። አዲስ ጎማ ታመጣና ስፌቱን በዚያው፣ በ1912 በተበጠሰው ቦታ ላይ፣ ደግማ ትሰፋዋለች።