የጠማቂዎች ምክር

ስለ ጠላና ስለ ጠጅ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚናገረው ስለ ጠጪው ነው፤ ጠማቂውን የሚያነሣ ጥቂት ነው። የነገሥታቱ ግብር በተነገረበት ሁሉ የታረደው ሰንጋና የተቀዳው ጠጅ ይቈጠራል እንጂ ጌሾውን የወቀጠችው፥ ጋኑን ያጠነችው፥ ብቅል ቢያጥራት ሰፌድ ይዛ ወደ ጎረቤቷ የሄደችው ሴት አትጠቀስም። ሙያው ግን ያለ መጽሐፍና ያለ ጉባኤ ቤት ከ1600 ዓመት በላይ የኖረው ስማቸው ባልተጻፈ በነዚህ ሰዎች ምክር ነው።

የነገሩን ጥንታዊነት የሚመሰክሩ ጽሑፎች አሉ። በክርስቶስ ልደት ዘመን ግድም የነበረው የግሪክ ጸሐፊ ስትራቦን በቀይ ባሕር ምዕራብ ዳርቻ ስለሚኖሩ ሰዎች ሲጽፍ፥ ሕዝቡ እሾሃማ ቍጥቋጦ ተዘፍዝፎ የሚወጣውን መጠጥ እንደሚጠጣ፥ አለቆቹ ግን ማር በውኃ በጥብጠው እንደሚጠጡ ያመለክታል። እርሱ የጠቀሰው ቍጥቋጦና ጌሾ በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ ከአንድ ወገን ይቈጠራሉ። ጠላ ለሕዝብ፥ ጠጅ ለመኳንንት የሚለው ልማድ ከምን ያህል ሩቅ ዘመን እንደ መጣ ከዚህ ይታያል።

በ4ኛው መቶ ዓመትም ንጉሡ ኢዛና የቤጃን ሰዎች ድል ነሥቶ 6 አለቆቻቸውን ከ4,400 ሰዎች ጋር ወደ ሌላ አገር ባሰፈራቸው ጊዜ፥ በድንጋይ ባስቀረጸው ጽሑፍ ከሰጣቸው ስንቅ መካከል ጠላንና ወይንን ይቈጥራል። ይህን የሚያህል ሕዝብ በጉዞ ላይ ማጠጣት የአንድ ጓዳ ሥራ አይደለም፤ ብዙ ቤቶች ጋናቸውን አንድ ላይ እንዳሰለፉ መገመት አያስቸግርም። ግእዙ ጠላን ስዋ፥ ጠጅን ሜስ ይለዋል፤ በትግርኛም ቃሎቹ እስከ ዛሬ ይኖራሉ። አማርኛ ግን በራሱ መንገድ ሄዶ፥ ግእዙ መንከርንና መዝፈቅን የሚያሳይበትን «ጠመቀ» የሚለውን ግሥ ወስዶ ለጠላውም ለክርስትናውም አደረገው። ለባለ ቅኔ የተመቸ ኅብረ ቃል ነው።

የአዋቂ ጠማቂ ሥራ የሚጀምረው ከጋኑ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፥ በወይራ ጢስ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ በውኃ ተዘፍዝፎ ይጠነሰሳል፤ ብቅሉ ተፈጭቶ ይጨመርበታል፤ ቀጥሎ የተቈላው እህል ዱቄት በእንኩሮ ወይም በቂጣ መልክ ገብቶ ድፍድፍ ይሆናል፤ በመጨረሻ ውኃ ይሞላበትና የጋኑ አፍ ይከደናል። ሥርዐቱ በቃል ሲነገር ይኸው ነው። አስቸጋሪው ነገር ከአንዱ ደረጃ ወደ ሁለተኛው የሚሻገሩበትን ቀን ማወቁ ነው፤ ይህንንም ማንም በቍጥር ብቻ ሊያስተምረው አይችልም። በደብረ ብርሃን ብርድ ጥንስሱ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ በቆላ ግን ፈጥኖ ይፈላል፥ ፈጥኖም ይሆመጥጣል። ከደጋ ወደ ቆላ የተዳረች ሙሽራ የእናቷን ቀን ቈጥራ ብትጠምቅ የምታገኘው ሆምጣጤ ነው። ያን ጊዜ የምታድናት ጎረቤቷ ናት፤ ገብታ የጋኑን አፍ ገልጣ ታሸታለች፥ ጆሮዋን ጣል አድርጋ መፍላቱን ታዳምጣለች፥ በጣቷም ትቀምሳለች፤ «እኅቴ፥ የዚህ አገር ሙቀት ነገን አይጠብቅም፤ ዛሬውኑ ደፍድፊው» ትላታለች። ሙያ ማለት እንግዲህ አፍንጫና ጆሮ ነው፤ አፍንጫና ጆሮም የሚሠለጥኑት በሌላው ሰው ጋን ላይ ጭምር እንጂ በራስ ጋን ላይ ብቻ አይደለም።

መጠጥን የሚያፈላው በዓይን የማይታይ ሕያው እርሾ መሆኑን የፈረንሳዩ ሊቅ ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1857 ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎች አስረድቷል። ግራዋውና ጢሱ የጋኑን ክፉ ሽታ ያስወጣሉ፤ በሸክላው ገላ ውስጥ የተሸሸገው እርሾ ግን ጨርሶ ስለማይጠፋ ለሚቀጥለው ጥምቅ ይተርፋል። ጠላ የለመደ ጋን ከአዲስ ጋን ይሻላል የሚለው የአሮጊቶች ቃል ስለዚህ ከንቱ ወሬ አልነበረም። የአዋቂዋ ጋን በውሰት ከቤት ወደ ቤት ሲዞር፥ ሳታውቀው ሙያዋም አብሮ ይዞር ነበር።

ይህ ምክር ከሁሉ ይልቅ የጸናው በጽዋ ማኅበር ነው። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በአንድ ቅዱስ ቀን እየተሰበሰቡ ዝክሩን በየተራ ያወጣሉ፤ ጽዋውም ካሁኑ ተረኛ ወደ ሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። 12 ቤት ያለበት ማኅበር እንደ ሆነ፥ እያንዳንዱ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ለ11 ባልንጀሮቹ ይጠምቃል፥ የ11 ባልንጀሮቹንም ጥምቅ ይቀምሳል። ማንም ትምህርት ቤት ልክፈት ሳይል የተከፈተ ትምህርት ቤት ይህ ነው። ጠላ ቢበላሽ ለቤት የተጠመቀ እንደ ሆነ ለከብት ይሰጣል፥ ነገሩም እዚያው ያልቃል፤ ለዝክር የተጠመቀ ሲበላሽ ግን ሀፍረቱ በማኅበሩ ሁሉ ላይ ነው፤ ካህኑ ጸሎት የሚያደርስበት፥ ነዳያን የሚጠብቁት ስለ ሆነ። ስለዚህ ያለፈው ወር ተረኛ ለሚቀጥለው ተረኛ ጌሾ መርጣ ትልካለች፥ በጥንስሱ ቀን ትመጣለች፥ በድፍድፉ ቀን ትመለሳለች። ጠላው ቀጥኖ ወይም ሆምጥጦ ቢገኝም ሙሴው ዝም ብሎ ይጠጣል፤ ጓዳ ውስጥ ግን ሴቶቹ ዝም አይሉም። ወንዶች ይህን የጓዳ ጉባኤ ሐሜት ይሉታል፤ በርግጥ ሐሜትም አይጠፋበትም።

ምክሩም ሁልጊዜ ሙሉ አልነበረም። አንዳንዲቱ የጌሾውን ልክ ነግራ የአሻሮውን አቈላል ትሸሽጋለች፤ ጥቁር ጠላዋ የተመሰገነላት ሴት እህሉ ምን ያህል እንደሚጠቍር ለልጇ እንጂ ለጎረቤቷ ላትነግር ትችላለች። በቤተ መንግሥት ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ሌላ ነበር፤ ጠጁ ራሱን የቻለ ቤትና ሹም ያለው፥ የሚጠመቀውም ለክብር ስለ ሆነ፥ ከጎረቤት የሚጠየቅ ነገር አልነበረበትም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1520 እስከ 1526 በአገሩ የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በልብነ ድንግል ሰፈር ያየውን የጠጅ ብዛት ደጋግሞ ያነሣል። በ1769 የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ከጤፍ እንጀራ ጠላ እንዴት እንደሚወጣ በጥቂት መስመር ጽፏል። ሲያነቡት እጅግ ቀላል ይመስላል፤ የብሩስን መስመር ብቻ ይዞ የጠመቀ ሰው ግን እንግዳ ባይጠራ ይሻለው ነበር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ጠላ ከማኅበር ወደ ገበያ ወጣ። በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ በደጃፍ ቆሞ ሲታይ በዚያ ቤት ጠላ እንደሚሸጥ መንገደኛ ሁሉ ያውቃል። በ1915 ዓ.ም. ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ተቋቋመ። የፋብሪካው ቢራ ጠላን ያጠፋዋል ብሎ የፈራ ሰው ካለ ፍርሃቱ ከንቱ ሆኗል፤ ጠላ ዛሬም ይጠመቃል። የተጎዳው ምክሩ ነው። ለዝክር የምትጠምቅ ሴት የጎረቤቷ ጠላ ቢያምር ደስ ይላታል፤ ለሽያጭ የምትጠምቅ ግን የጎረቤቷ ጠላ ሲያምር ደንበኛዋ ይሄድባታል። ልጆቿን በዚያ ጣሳ የምታሳድግን ሴት ምስጢር ደበቀች ብሎ መንቀፍ አይገባም፤ የሚያሳዝነው በምስጢር የተያዘ ሙያ ከባለቤቱ ጋር መቀበሩ ነው።

በአሜሪካ ነገሩ በተቃራኒው መንገድ ሄደ። በዚያ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ መሥራትና መሸጥ በሕግ ተከልክሎ ነበር፤ ክልከላው ከተነሣ በኋላም በቤት ቢራ መጥመቅ በመንግሥቱ ሕግ አልተፈቀደም፤ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1978 አዲሱን ሕግ ሲፈርሙ ነው። ፋብሪካ በሞላበት አገር ሰዎች ለትርፍ ሳይሆን ለደስታ ብቻ በቤታቸው መጥመቅ ወደዱ፤ በሎስ አንጀለስ ማልቶስ ፋልከንስ የተባለው የጠማቂዎች ማኅበር በ1974፥ ገና ሕጉ ሳይፈቅድ፥ ተመሠረተ። ቻርሊ ፓፓዚያን የተባለ መምህርም በቦልደር ከተማ ጎረቤቶቹን ጥመቃ ሲያስተምር ቈይቶ፥ በ1978 ከባልንጀራው ጋር የመላ አገሩን ማኅበርና መጽሔቱን አቋቋመ። የነዚህም ወግ የጠማቂውን ጥምቅ በጋራ ቀምሶ ጉድለቱን በግልጥ መንገር ነው፤ ከጽዋ ማኅበር ጓዳ የሚለየው ምክሩ በመጽሔት መታተሙ ነው።

በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ጌሾ ከሀገር እያስመጡ ጠጅና ጠላ በቤታቸው ይጠምቃሉ። ጋን በሌለበት በጠርሙስና በፕላስቲክ በርሜል ይሠራሉ። የክረምቱ ብርድ ከደብረ ብርሃን ይብሳል፤ ቤቱ ግን በእሳት ኃይል እንደ ቆላ ይሞቃል። የእናት ቀን ስለማይሠራም አንዱ ሌላውን በስልክ ይጠይቃል፦ ጥንስሱን የት አስቀመጥኸው፥ ከምድር ቤት ነው ወይስ ከማእድ ቤት፥ ስንተኛውስ ቀን ላይ ፈላልህ?