ቆፋሪው ይሄዳል፣ ጉድጓዱ ይቀራል

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም በሶማሌ ክልል የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ እንደሚያመርት ተነገረ። ያው ሁላችንም ዜናውን አይተናል፣ ደስም ብሎናል። እኔ ግን ታሪክ አስተማሪ ነኝና እንዲህ ያለ ዜና ስሰማ ወደ ኋላ ማየት ልማዴ ነው። «ጋዙ መቼ ይወጣል?» እያልን ስንጠይቅ ኖረናል። «ሲያልቅስ ጉድጓዱን ማን ይዘጋዋል? በማን ብር?» ሲባል ግን ብዙም አልሰማሁም።

እስቲ ታሪኩን ባጭሩ እንየው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1945 የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ለአሜሪካው ሲንክለር ኩባንያ የ50 ዓመት የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ ሰጠ። ልብ በሉ፣ ያኔ ኦጋዴን ገና በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበር። ለንጉሡ ፈቃዱ «መሬቱ የእኛ ነው» ማለቻም ነበር። ሲንክለር ቆፈረ፣ ለገበያ የሚሆን አላገኘም፣ በ1950ዎቹ ጥሎ ወጣ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ቴኔኮ ካሉብ ላይ ጋዝ አገኘ። ወዲያው አብዮቱ መጣ፣ በ1977 የሶማሊያ ጦርነት ተከተለ፣ ቴኔኮም ሄደ። በ1980ዎቹ ተራው የሶቪየቶች ሆነ። ካሉብና ሂላላ ላይ ብዙ ጉድጓድ ቆፈሩ። በ1991 ደርግም ወደቀ፣ ሶቪየት ኅብረትም ፈረሰች። ከዚያ በኋላ በዓለም ባንክ ብድር የካሉብ ጋዝ ኩባንያ ተሞከረ፣ አልሆነም። በ2007 የማሌዥያው ፔትሮናስ ገባ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወጣ። በ2013 የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል ተፈራረመ፣ በ2018 የሙከራ ድፍድፍ ወጣ ተብሎ ጨፈርን፣ በ2022 ውሉ ተሰረዘ።

ሰማንያ ዓመት ሙሉ ሲመጡና ሲሄዱ ኖሩ። ጉድጓዱ ግን ከማንም ጋር አልሄደም።

የጋዝ ጉድጓድ እንደ ውሃ ጉድጓድ ክዳን ጭነውበት የሚተዉት ነገር አይደለም። በብዙ መቶ፣ አንዳንዴም በሺህ ሜትር ይወርዳል። መንገዱ ላይ ሰውና ከብት የሚጠጣውን የከርሰ ምድር ውሃ ያልፋል። ውሃውን ከጋዙ የሚለየው የብረት ቧንቧና በዙሪያው የተሞላው ሲሚንቶ ነው። ብረት ይዝጋል፣ ሲሚንቶ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሥራው ያለቀ ጉድጓድ በትክክል መዘጋት አለበት። ውስጡ በተለያየ ጥልቀት በሲሚንቶ ይደፈናል፣ ድፍኑ ግፊት መቻሉ ይፈተሻል፣ አናቱ ከመሬት በታች ተቆርጦ ይታሸጋል፣ መሬቱም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይሄ ሁሉ ብር ነው።

ይህን ቸል ማለት ምን እንደሚያስከፍል አሜሪካ ጥሩ ማሳያ ናት። በ1859 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ኤድዊን ድሬክ ነዳጅ ካገኘ ወዲህ ስፍር ቁጥር የሌለው ጉድጓድ ተቆፈረ። በድሮ ጊዜ አንዳንዱን በእንጨትና በድንጋይ ወትፈው ነበር የሚሄዱት። ኩባንያዎቹ ከሰሩ፣ ባለቤት የሌለው ጉድጓድ ቀረ። ከእነዚህ ጉድጓዶች የሚያፈተልከው ሚቴን ደግሞ በ20 ዓመት ሲሰላ አየሩን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ያሞቃል። በመጨረሻ በ2021 በወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ መንግሥት እነዚህን ጉድጓዶች ለመዝጋትና ለማጽዳት 4.7 ቢሊዮን ዶላር መደበ። የማን ብር? የግብር ከፋዩ! በፌዴራል መሬት ላይ የሚቆፍር ኩባንያ ለአንድ ይዞታ የሚያስይዘው ዝቅተኛ ዋስትና በ1960 የተወሰነው 10 ሺህ ዶላር ነበር። ወደ 150 ሺህ ያደገው በ2024 ነው። ትርፉን የበላው ሌላ፣ ሂሳቡን የከፈለው ሌላ።

እኛ ዛሪማ ያለን ሰዎች ይሄን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የሊማሊሞን መንገድ ጣሊያን ሠራው፣ በ1941 ተሸንፎ ወጣ። ክረምት በመጣ ቁጥር ናዳውን የሚጠርገው፣ የተሸረሸረውን የሚጠግነው ግን ማን ነው? ሠሪ ይሄዳል፣ ወጪው ለሚቀረው ሰው ይቀራል። መንገድ ደግሞ ቢያንስ ሲበላሽ በዓይን ይታያል። የጋዝ ጉድጓድ ግን ሲበላሽ ከመሬት በታች ነው።

በ2020 የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ በካሉብ አካባቢ ሰዎች ምንነቱ ባልታወቀ በሽታ እየታመሙ ነው ብለው መናገራቸውን ዘግቦ ነበር። መንግሥት ደግሞ አስተባብሏል። እኔ ዳኛ አይደለሁም። ግን እንዲህ ያለ ክርክር የሚፈታው በመግለጫ አይመስለኝም። ውሃው በየጊዜው ተመርምሮ ውጤቱ ለነዋሪው ሲነገር ነው የሚፈታው። ግመሉን የሚያጠጣ አርብቶ አደር ከማንም በፊት የማወቅ መብት አለው። ቆላ ላይ ውሃ ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ ለእኛ ሰው አይነግረንም።

ጋዙ ይውጣ፣ አገር ይጠቀም። ግን የመዝጊያው ብር ዛሬ፣ ኩባንያው እያተረፈ ሳለ ይቀመጥ። ሁሉም አሮጌ ጉድጓድ የት እንዳለና በምን ሁኔታ ላይ እንደሆነ ተመዝግቦ ይታወቅ። የመዝጊያ ዋስትናው ስንት እንደሆነም ለሕዝብ ይነገር። ጋዙ ካለቀ በኋላ የሚጠየቅ ኩባንያ እናገኛለን ብሎ ማሰብ የሰማንያ ዓመቱን ታሪክ አለማንበብ ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። የምታውቁ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይ በማዕድንና በውሃ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ እስቲ ጨምሩበት። ለተማሪዎቼም ይጠቅማል።