ቴምብር መልስ የሆነበት ዘመን

ሱቅ ገብታ «ዝርዝር የለኝም፣ በመልሱ ማስቲካ ውሰጂ» ያልተባለች ከመካከላችን አትገኝም። ማስቲካውን ተቀብለን እንወጣለን፤ በማስቲካ ግን ታክሲ አይከፈልም። ይህ ትንሽ የሚመስል ችግር አንድን ትልቅ አገር እንዴት እንዳስጨነቀ ላጫውታችሁ።

ጊዜው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1862 ነው። አሜሪካ ሰሜንና ደቡብ ሆና እርስ በርስ ትዋጋለች። የሰሜኑ መንግሥት የጦርነቱ ወጪ ስለከበደው በወርቅ የማይመነዘር የወረቀት ገንዘብ አወጣ። የወረቀቱ ዋጋ ሲወርድ ሰው ወርቁንና የብር ሳንቲሙን ደበቀ፤ ነጋዴው ደግሞ ወደ ካናዳ አሻገረው። መጀመሪያ ላይ ከወረቀቱ ገንዘብ ትንሹ አምስት ዶላር ስለነበር ከዚያ በታች መልስ መስጠት አስቸጋሪ ሆነ። ባለጠጋው በዱቤ ይገዛል፤ በሳንቲም የሚሸጥና የሚገዛው ግን ገበያው ተዘጋበት።

ሕዝቡ ያገኘው መላ የፖስታ ቴምብር ነበር። ዋጋው ፊቱ ላይ ተጽፏል፤ መንግሥት ያወጣው መሆኑንም ሁሉ ያውቃል። ጁላይ 17 ቀን ፕሬዚዳንት ሊንከን ቴምብር ለመንግሥት ክፍያ እንዲያገለግል የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ። ችግሩ ሙጫው ነው። በላብ እጅ ሲነካ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ይቀደዳል። አንዳንዱ በትንሽ ፖስታ ከትቶ የገንዘቡን ልክ ላዩ ላይ ጻፈ። ጆን ጎልት የተባለ ሰው ደግሞ ቴምብሩን በክብ የናስ ማቀፊያ ውስጥ አስገብቶ፣ ፊቱን ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ማዕድን ሸፈነው፤ በጀርባው የነጋዴዎች ማስታወቂያ ይቀረጽ ነበር።

በመጨረሻም የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ፍራንሲስ ስፒነር ቴምብሮችን በወረቀት ላይ ለጥፈው አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ከዚያም በኦገስት ወር የቴምብር ሥዕል ያለባቸው፣ ሙጫ የሌላቸው የ5፣ የ10፣ የ25 እና የ50 ሳንቲም ኖቶች ወጡ።

እኛን የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። የመንግሥት ኖቶች በትልልቅ ወረቀት ታትመው በመቀስ ይቆረጡ ነበር፤ ብዙ ወንዶች ደግሞ ዘምተዋል። ስፒነር ለዚህ ሥራ ሴቶች ይቀጠሩ ብለው ተከራከሩ። በዚያው ዓመት ጄኒ ዳግላስ የምትባል ሴት ተሞክራ ሥራውን በሚገባ ተወጣች፤ ሌሎችም ተከተሏት። ነገር ግን የወንድ ጸሐፊ ደመወዝ በዓመት ከ1,200 ዶላር ሲጀምር ለሴቶቹ የተሰጣቸው 600 ዶላር ነበር። የአገሩን ገንዘብ ቆርጠው ያዘጋጁት እጆች የራሳቸው ክፍያ ጎደለባቸው።

ያም ሆኖ በሩ ተከፈተ። ስፒነር ካረፉ በኋላ የመንግሥት ሴት ሠራተኞች ገንዘብ አዋጥተው ሐውልት አሠሩላቸው፤ ዛሬም በኒው ዮርክ ግዛት በሄርኪመር ከተማ ቆሟል።

እህቶቼ፣ ሒሳብ ያዣችን የወሩን መዋጮ እስከ ሳንቲሟ ስትጽፍ «ተይው፣ ትንሽ ነው» አንበላት። ደጋፊዎቻችንም የሚሰጡን አደራ የሚጠበቀው በዚያችው መዝገብ ነው። ዝርዝር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጎዳው በዝርዝር የሚኖር ነው፤ እኛም ከእነዚያ ነን።