በህንድ ክፍለ ግዛቶች የመንግሥት ሹማምንት በፈተና የሚመረጡት እንዴት ነው?

በህንድ ምክትል የአውራጃ አስተዳዳሪ፣ የፖሊስ መኮንን ወይም የግብር ሹም ለመሆን የሚፈልግ ወጣት በየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ክፍት የሥራ ቦታ ሲያነብ አይውልም። አገሪቱ እነዚህን ቦታዎች የምትሞላው በአንድ የጋራ ፈተና ነው። በዚህ ጽሑፍ የፈተናውን አካሄድ የኡታር ፕራዴሽን ክፍለ ግዛት ምሳሌ አድርገን እናያለን። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ክፍለ ግዛቱ ወደ 200 ሚሊዮን ሕዝብ ያለው ሲሆን ከዚህ ውስጥ 38 ሚሊዮን ያህሉ፣ ማለትም 19 በመቶው፣ ሙስሊም ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፈታኙ ማን ነው?

የህንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 315 ለማዕከላዊው መንግሥትም ሆነ ለክፍለ ግዛቶች የመንግሥት አገልግሎት ኮሚሽን እንዲኖር ያዛል። የኡታር ፕራዴሽ ኮሚሽን በ1937 የተቋቋመ ሲሆን መቀመጫው ቀድሞ አላሃባድ ትባል በነበረችው በፕራያግራጅ ከተማ ነው። ኮሚሽኑ ፈትኖ ያቀርባል፤ የሚሾመው መንግሥት ነው። አንቀጽ 16 ደግሞ በመንግሥት ሥራ ቅጥር በሃይማኖት ምክንያት ማግለልን ይከለክላል።

ሦስቱ ደረጃዎች

ለማመልከት የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ እንዲህ ነው፦

1. የማጣሪያ ፈተና። በአንድ ቀን የሚሰጡ ሁለት የምርጫ ጥያቄ ወረቀቶች አሉት። የመጀመሪያው 150፣ ሁለተኛው 100 ጥያቄ ይይዛል። በሁለተኛው 33 በመቶ ማምጣት ይበቃል፤ ፉክክሩ በመጀመሪያው ነው። የተሳሳተ መልስ የጥያቄውን ነጥብ አንድ ሦስተኛ ያስቀንሳል። የዚህ ፈተና ውጤት ለማጣራት ብቻ የሚያገለግል ሲሆን በመጨረሻው ድምር ውስጥ አይገባም።

2. ዋናው ፈተና። ስምንት የጽሑፍ ወረቀቶች፣ በድምሩ 1,500 ነጥብ አሉት። ሂንዲ 150፣ ድርሰት 150፣ ስድስቱ የጠቅላላ ዕውቀት ወረቀቶች እያንዳንዳቸው 200 ይይዛሉ። ከ2023 ጀምሮ ተፈታኙ ራሱ ይመርጠው የነበረው የትምህርት ዓይነት ቀርቶ ስለ ክፍለ ግዛቱ የሚጠይቁ ሁለት ወረቀቶች ተተክተዋል።

3. ቃለ መጠይቅ። 100 ነጥብ አለው። ከጠቅላላው 1,600 ስድስት በመቶ ገደማ ቢሆንም፣ እጩዎች በጥቂት ነጥብ በሚበላለጡበት ፉክክር ደረጃን ሊቀይር ይችላል።

ቦታዎቹም በኮታ ይከፋፈላሉ። ወደ ኋላ ለቀሩ ማኅበረሰቦች 27 በመቶ፣ ለዝቅተኛ መደቦች 21፣ ለጎሳ ማኅበረሰቦች 2፣ በኢኮኖሚ ደካማ ለሆኑ ደግሞ 10 በመቶ ይያዛል። በርካታ የሙስሊም ማኅበረሰቦች በ27 በመቶው ኮታ ይታቀፋሉ። የዝቅተኛ መደቦች ኮታ ግን ለሂንዱዎች፣ ለሲኮችና ለቡድሂስቶች ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ፣ በኑሮው ከእነሱ የማይለይ ሙስሊም አይገባበትም።

ፈተናው የሚታመነው መቼ ነው?

በ2024 በመጀመሪያ ማስታወቂያ ለወጡ 220 ያህል ቦታዎች ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ። ኮሚሽኑ ማጣሪያውን በተለያዩ ቀናት ሰጥቶ ነጥቡን በስሌት ለማስተካከል ሲያስብ፣ በኅዳር ወር ተፈታኞች በፕራያግራጅ አደባባይ ወጡ። ጥያቄያቸው «ሁላችንም በአንድ ቀን በአንድ ወረቀት እንፈተን» የሚል ነበር። ኮሚሽኑም ተቀብሎ ፈተናው ታኅሣሥ 22 በአንድ ቀን ተሰጠ።

በዚያው ዓመት ሌላ ጉድለት ተገለጠ። አራሚው የተፈታኙን ስም እንዳያይ ወረቀቱ በሚስጥር ቁጥር ይለያል። በ2022ቱ የዳኞች ምልመላ ፈተና ግን የ50 ተፈታኞች ቁጥር ተቀያይሮ ነበር። ይህ የታወቀው አንድ ተፈታኝ በመረጃ የማግኘት መብት ሕግ ተጠቅሞ የመልስ ወረቀቱን ሲያይ የእጅ ጽሑፉ የእሱ ባለመሆኑ ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ኮሚሽኑ ስህተቱን አመነ። ስምን መደበቅ አድልዎን ይከላከላል፤ ተፈታኙ ወረቀቱን የማየት መብት ከሌለው ግን ስህተቱም አብሮ ተደብቆ ይቀራል።

ሙስሊሞች ለምን አነሱ?

ፍትሕ ዳኛ ራጂንደር ሳቻር የመሩት ኮሚቴ በኅዳር 2006 ባወጣው ሪፖርት፣ ሙስሊሞች በወቅቱ ከአገሪቱ ሕዝብ 13.4 በመቶ ሆነው ሳለ በከፍተኛው የአስተዳደር አገልግሎት 3 በመቶ፣ በፖሊስ 4 በመቶ፣ በውጭ ጉዳይ አገልግሎት ደግሞ 1.8 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። ይህ የማዕከላዊው መንግሥት አገልግሎት ቁጥር ነው፤ የምልመላው መንገድ ግን ከክፍለ ግዛቱ ጋር ይመሳሰላል።

ኮሚቴው ሌላም ነገር አስተውሏል። ለፈተና የሚቀርቡት ሙስሊሞች ጥቂት ናቸው፤ ከቀረቡት መካከል የሚያልፉት ግን ከሌሎቹ ጋር ተቀራራቢ ናቸው። ስለዚህ ትልቁ መንጠባጠብ ያለው ከፈተናው አዳራሽ በፊት ነው፤ ትምህርት በማቋረጥ፣ በቤተሰብ ችግር፣ ለዓመታት ያለ ገቢ ተቀምጦ ለመዘጋጀት አቅም በማጣት። «ማን ሊቀጥረን ነው?» ብሎ ሳያመለክት የቀረም ከዚሁ ቁጥር ውስጥ ነው።

መልሱን የሞከሩ ተቋማት አሉ። የአሊጋር ሙስሊም ዩኒቨርሲቲና የዴልሂው ጃሚአ ሚሊያ ኢስላሚያ ማደሪያ ያላቸው የፈተና ማዘጋጃ አካዳሚዎች ከፍተው ሴቶችንና የአናሳ ማኅበረሰብ ልጆችን ያስተምራሉ፤ የዴልሂው የዘካት ፋውንዴሽን ኦፍ ኢንዲያም ለእጩዎች ድጋፍ ይሰጣል። ማደሪያ፣ ቤተ መጻሕፍትና መምህር ያገኘ የድሃ ልጅ ከሀብታሙ እኩል የሚቀመጥበት ወንበር አገኘ ማለት ነው።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ፈተናው ንጹሕ እንዲሆን ወረቀቱን መከታተልና መጠየቅ ያስፈልጋል። ንጹሕ ፈተና ግን ያልተመዘገበን ሰው አያሳልፍም። ልጆቻችንን እስከ ምዝገባው ቀን ማድረስ የወላጅ፣ የመስጂድና የማኅበረሰብ ድርሻ ነው።