ስለ ሽሪምፕ እርባታና ስለ ኩልና ገበሬዎች



በአገራችን ማዕድ ብዙም የማትታወቅ፣ በኤውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ገበታ ግን በውድ ዋጋ የምትፈለግ ሽሪምፕ የምትባል ትንሽ የባሕር ፍጥረት አለች። ነገሩ የምግብ ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድን ነበር፤ ዳሩ ግን በባንግላዴሽ በኩልና አውራጃ የብዙ ገበሬዎችን ኑሮ ስለ ለወጠች ታሪኩን ከሥሩ መመልከት ይጠቅማል። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የኩልና መሬት እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ የባሕሩ ሙላት በየቀኑ ሁለት ጊዜ በወንዞቹ በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ በበጋም ጨው ይዞ ይመጣል። በ1960ዎቹ ዓመታት፣ አገሪቱ ገና ምሥራቅ ፓኪስታን ትባል በነበረችበት ጊዜ፣ መንግሥት ሩዙን ከጨው ለመጠበቅ በየመንደሮቹ ዙሪያ ረዣዥም የአፈር ግድቦች አሠራ። እንዲህ በግድብ የተከበበው መሬት ፖልደር ይባላል፤ ቍጥሩም ከ120 በላይ ነው። በመጀመሪያ አዝመራው አማረ። በኋላ ግን ደለሉ በወንዞቹ ወለል እየተከማቸ የዝናቡ ውሃ መውጫ አጣ። ሕንድ በ1975 የፋራካን ግድብ ሥራ ካስጀመረች ወዲህም በበጋ ከላይ የሚወርደው ውሃ ስላነሰ ጨዉ በረታ።

በ1980ዎቹ ዓመታት የሽሪምፕ ዋጋ በዓለም ገበያ ከፍ አለ፤ ነጭ ወርቅ እስከ መባልም ደረሰች። ከከተማ የመጡ ባለገንዘቦች መሬት ተከራዩ፤ ጨው እንዳይገባ የተሠራውም ግድብ ጨው እንዲገባ ተቈረጠ። ማሳው በዚህ በተጥለቀለቀ የአንድ ትንሽ ገበሬ ፈቃድ ምን ዋጋ ነበረው? ጎረቤቱ ሲያከራይ የእርሱም መሬት በጨው ውሃ ስለሚከበብ በተሰጠው ኪራይ ከመስማማት በቀር ምርጫ አልነበረውም። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ጨዉን ያጥበዋል፣ ሩዝም ይዘራል ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን የጨዉ ውሃ እስከ ክረምቱ መካከል በማሳው ላይ ስለሚቈይ በብዙ ስፍራ ጨዉ በአፈሩ ውስጥ ቀረ።

ሽሪምፕ ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ማስገባቷና በማሸጊያ ፋብሪካዎች ለብዙ ሴቶች ሥራ መክፈቷ የማይካድ ነው። ይህ ገቢ በመዝገብ ተጽፏል። ጨው የገባበት የመጠጥ ውሃ ኩሬ ግን በማን መዝገብ ተጻፈ? የሽሪምፕ እርባታ ከሩዝ ይልቅ ጥቂት እጅ ስለሚበቃው እኩል አራሹና የቀን ሠራተኛው ሥራ አጡ። ግጦሽ ሲጠፋ ከብቱ ተሸጠ፤ ከከብቱም ጋራ ወተቱና ለማገዶ የሚሆነው ኩበት ቀረ። የኮኮናት ዛፎች ደረቁ። ሴቶች ለአንድ እንስራ ውሃ ሩቅ መንገድ ተጓዙ። ድኆች ደግሞ ከወንዝ የሽሪምፕ ጫጩት በቀጭን መረብ ሲለቅሙ የሌላውን ዓሣ ሁሉ ጫጩት አብረው ፈጁት።

በፖልደር 22 የሚኖሩ ገበሬዎችና መሬት የለሾች ግን ግድባችን አይቈረጥም ብለው ተነሡ። ኅዳር 7 ቀን 1990 በሆሪንኮላ መንደር ነፍጥ የያዙ ቅጥረኞች በመጡ ጊዜ ኮሩናሞዪ ሰርዳር የተባለች የመሬት የለሽ ሴቶች መሪ ከሰልፉ ፊት ቆማ በጥይት ተገደለች። የፖልደሩ መሬት ግን ሩዝና አትክልት የሚበቅልበት ሆኖ ቀረ። በሞተችበት ስፍራ መታሰቢያ ተሠርቶላታል፤ ሕዝቡም በየዓመቱ በዚያች ቀን እየተሰበሰበ ያስባታል።

ግንቦት 25 ቀን 2009 አይላ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ኩልናን በመታ ጊዜ፣ ለሽሪምፕ ውሃ ማስገቢያ ሲባል የተበሱት ግድቦች ለማዕበሉ የተመቹ ሆኑ። በአንዳንድ መንደሮች ሕዝቡ ሁለት ዓመት ያህል በተረፈው ግድብ ጫፍ ላይ ጎጆ ቀልሶ ኖረ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ትርፍም እንዲሁ ነው። አድማጮቻችን፣ ስለ ልማት ጽሕፈት የሚያዘጋጅና ፊርማውን የሚያኖር ሰው ከሚገባው ገንዘብ ጐን የሚጠፋውን ኩሬ፣ ማሳና ከብት፣ እንዲሁም የባለቤቱን ፈቃድ አብሮ መጻፍ እንደሚገባው የኩልና ታሪክ ያስተምራል። የአንዱ ወገን ሒሳብ ብቻ የተጻፈበት መዝገብ ገና አልተዘጋምና።