በአገልግል የቀረ ልቃቂት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ላደጋችሁ ወጣቶች አንድ ጥያቄ አለኝ። ከእናታችሁ ወይም ከአያታችሁ አልጋ ሥር ያለውን አገልግል ከፍታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አገልግሉ ከሌለ ከቆጥ ላይ የተወሸቀውን ከረጢት ፈልጉ። ምናልባት ነጭ የነበረ፣ አሁን ጭስ ያጠለሸው ልቃቂት ታገኙ ይሆናል። ከጎኑ እንዝርት፣ በእንዝርቱም ላይ እስከ ግማሽ የተጠቀለለ ክር። ለአባት ጋቢ ተብሎ የተጀመረ ነው፤ ወይም ለአንዷ ልጅ ሠርግ። አባት ያለ ጋቢ አረጀ፣ ልጅቱም ተድራ ወለደች ከበደች፤ ፈትሉ ግን እዚያው አለ።

የዚህን ፈትል ታሪክ ልጻፍላችሁ። ታሪክ የነገሥታት ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገሥታቱም በመንገዳችን ላይ ይመጣሉ፤ መነሻችን ግን አገልግሉ ነው።

ጋቢ ምን እንደሚጠቅም ለነፋስ መውጫ ሰው አይነገረውም። ከተማዋ የተቀመጠችው ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ስሟም እንደ ግብሯ ነው። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሚቆመው የጉና ተራራም ብርዱን ለጋይንትም ለእስቴም ያካፍላል። ጥጥ ግን ደጋ አይወድም። ሙቀት የሚፈልግ የቆላ ተክል ነውና ደገኛው ከገበያ በገንዘቡ ይገዛዋል። ብርዱ እዚህ፣ ጥጡ እዚያ! ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከገበያ የመጣው ጥጥ ፍሬው አልወጣለትም። በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ በብረት መዳመጫ ይዳመጣል፤ ፍሬው እየተፈናጠረ ይወጣል፣ ጥጡ ይቀራል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት ድም ድም ባለ ቁጥር ጥጡ እንደ አረፋ ይነፋል፤ ይህ ባዘቶ ነው። ባዘቶው በእጅ ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል። እንዝርት የሚነሣው ገና አሁን ነው። ፈታይዋ እንዝርቷን በጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቃታለች፤ በሌላ እጇ አመልማሎውን ወደ ላይ ትስባለች። ክሩ ቢወፍር ሸማኔው ያማርራል፤ ቢቀጥን ይበጠሳል። ይህን የሚለካ መሣሪያ የለም፤ የሚለካው የጣቷ ጫፍ ነው። እናቶቻችን ይህን እያደረጉ ያወራሉ፣ ልጅ ይቆጣሉ፣ መዝሙር ያንጎራጉራሉ። እንደ ቀላል ነገር አይተነው አልፈናል። ቀላል መሆኑን ማጣራት የሚፈልግ ወጣት እንዝርቷን አንሥቶ ይሞክራት፤ አንድ ክንድ ክር ሳይበጠስበት ካወጣ ይንገረኝ።

ልቃቂቱ ሲበቃ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ሸማኔው ድሩን ያደራል፤ እግሮቹን ከመሸመኛው ጉድጓድ አስገብቶ ይቀመጥና ማጉን በመወርወሪያ ያመላልሳል። የሸማው ስፋት መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ መወርወር ከሚቻልበት ርቀት አያልፍም። ስለዚህ ሰፊ ልብስ የሚሆነው ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው። ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ነው። የሚያሞቀውም በድርቦቹ መካከል በሚቀረው አየር ነው። ከአንድ ጋቢ በስተ ጀርባ ያለውን እጅ ቁጠሩ፦ የቆላው ገበሬ፣ ነጋዴው፣ ዳማጭዋ፣ ነዳፊው፣ ፈታይዋ፣ ሸማኔው፣ በመጨረሻም ጠርዙን የምትዘመዝመው ሴት። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሥራው ይቆማል።

ባሕር ማዶ የጋቢ ዘመድ አለ፤ ክዊልት ይባላል። በሁለት ጨርቅ መካከል ሙሌት ገብቶ ሦስቱ በእጅ ስፌት አንድ ላይ የሚያያዙበት የመኝታ ልብስ ነው። ብዙ ጊዜ የላይኛው ገጽ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ይቀጣጠላል። እኛም ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየደረቱ የሚሠሩት ድሪቶ አለን፤ ግን ስሙን ስድብ አደረግነው። በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ ጊስ ቤንድ በምትባል መንደር የሚኖሩ የባሪያዎች የልጅ ልጆች የሆኑ ሴቶች ካለቀ የሥራ ልብስ ክዊልት ይሰፉ ነበር፤ ቤታቸው ብርድ ያስገባ ስለነበር ነው እንጂ ለጌጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2002 ያ ሥራቸው በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ በቴምብር አወጣው። ያው ድሪቶ ነው፤ የተለወጠው የሚያየው ዓይን ነው። በክዊልት ሰፊዎች ዘንድ የቆየ አንድ ልማድም አለ። አያት ጀምራ በሳጥን የተወችውን የልጅ ልጅ አውጥታ ትጨርሰዋለች። እንዲህ ያለ ሥራ የሁለት ሰው ሥራ ነው ይባልለታል፤ ማንም አያፍርበትም።

ታዲያ የእኛ ፈትል ለምን ቀረ? ስንፍና ነው የሚል ካለ እናቱን አያውቃትም። ፈትል የራሱ ሰዓት የለውም። ውሃ ተቀድቶ፣ እንጨት ተለቅሞ፣ እንጀራ ተጋግሮ፣ ልጅ ተኝቶ፣ በተረፈችው ሰዓት የሚሠራ ሥራ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ችግር በገባ ቁጥር መጀመሪያ የሚቆመው እሱ ነው። ልጅ ሲታመም ይቆማል፤ ሐዘን ሲመጣ ይቆማል። ዝናብ ሲጠፋማ፣ ጥጥ በገንዘብ ነው ብለን አልነበር? ገንዘቡ ለእህል ይሄዳል።

ዝናብ ለጋይንትና ለስማዳ ስንት ጊዜ እንደጠፋ ሽማግሌዎቻችሁን ጠይቁ። በ1977 ዓ.ም. በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ በእብናት፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ረኃብተኞች በመጠለያ ተሰብስበው ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ በባለሥልጣናት ትእዛዝ በግድ ተበተኑ፤ ጎጆዎቻቸውም ተቃጠሉ። በእንዲህ ያለ ዓመት እንዝርት የሚያነሣ ማን ነው? ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው ሴፍቲ ኔትም እህልና ገንዘብ ይሰጣል እንጂ ጥጥ አይሰፍርም። አገልግሉን ስትከፍቱ የምታዩት እንግዲህ የቤታችሁን ክፉ ቀን ነው። እናት እንዝርቷን ያስቀመጠችበትን ቀን ታስታውሳለች፤ ብትጠይቋት ትነግራችኋለች።

ፋብሪካውም የራሱን ድርሻ አለው፤ በእሱ ላይ ብዙ አልቆይም። አቡጀዲ ከባሕር ማዶ መግባት የጀመረው ባለፈው መቶ ዓመት ሳይሆን ከዚያም በፊት ነው። በ1950ዎቹ ደግሞ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅና የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካዎች ተቋቋሙ። ሸማኔውም ለድር የፋብሪካ ክር ይዞ ለማግ ብቻ የእጅ ፈትል መጠቀም ለመደ። በመጨረሻ ሰልባጅ መጣ፤ በአንድ ልቃቂት ድካም ዋጋ ሹራብ ተገዛ። የጎዳን ነገር ነው ለማለት አልደፍርም፤ የበረደው ሰው ሹራብ ሲያገኝ እልል ይበል።

ሌላ ምክንያት ደግሞ አለ፤ እሱን ማንሣት ደስ አይልም። ልቃቂቱ በቅቶ ሳለ እንኳ ወደ ሸማኔ ቤት ያልሄደበት ጊዜ አለ፤ ሸማኔውን ንቀነዋልና። በእኛ አገር ሸማ ያለበሰንን ሰው ቁጢት በጣሽ ብለን ሰድበነዋል። በጎንደር ምድር ብዙዎቹ ሸማኔዎች ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ነበሩ። ርስት ባልነበራቸውና ባልተሰጣቸው ጊዜ በእጃቸው ሥራ አደሩ፤ እኛም ቡዳ አልናቸው። የሠሩትን ለብሰን ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ ከእነሱ ጋር በአንድ መሶብ ለመቅረብ ግን ተጸየፍን።

ይህ ንቀት ከወንጌላውያን ታሪክ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከእናንተ ሩቅ አይደለም። በ1848 ዓ.ም. ከስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የክሪስቾና ማሠልጠኛ የወጡ ወጣቶች ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ መጡ፤ ከእነሱም አንዱ ማርቲን ፍላድ ነበር። ላኪያቸው ቀድሞ በጎንደር ወንጌልን የሰበከው፣ በኋላ የኢየሩሳሌም ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል ጎባት ነው። ሐሳቡ ወጣቶቹ እንደ ጳውሎስ በእጃቸው ሥራ እያደሩ ወንጌልን እንዲያካፍሉ ነበር። ኋላም ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ሌሎች ተጨመሩ። ንጉሡ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አሰፈሯቸውና መንገድና ጋሪ፣ በኋላም መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ እዚያ ቀለጠ። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገዱን በእጃቸው ጭምር እየጠረጉ፣ በጋይንት አልፈው በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ወሰዱት። የዛሬው የደብረ ታቦር መንገድ ተጓዥ ያንን ዳገት በመኪና ሲወጣው እንኳ ሞተሩ ያቃስታል።

ቴዎድሮስ የእጅ ባለሙያን አከበሩ፤ ይህ እውነት ነው። ያከበሩት ግን መድፍ ስለሠራላቸው ነው። መሸመኛው በነበረበት ጉድጓድ ቀረ። ከመቅደላ 40 ዓመት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሳደብ እንዲቀጣ አዋጅ አወጡ። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ የሚሉት ስድቦች በአዋጁ በስም ተነሥተዋል። ንጉሠ ነገሥት የሚያህል ሰው ስድብ ለመከልከል አዋጅ ካስነገረ፣ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር አስቡት። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ በሰፈራችሁ ሞቶ ከሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

በ1964 ዓ.ም. በፎገራ ወረዳ በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተችው አውራምባ የሽመና መንደር ናት። በዚያ ወንድ ይፈትላል፣ ሴት ትሸምናለች። በእምነት ከአውራምባ ሰዎች ጋር አንድ አይደለንም፤ እነሱም ይህን አይደብቁም። ግን መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው የያዙ የእኛ ወንዶች እንዝርት መንካት ሲያፍሩ፣ እነሱ ያላፈሩበት ነገር ትንሽ ሊያሳፍረን ይገባል ባይ ነኝ።

መጽሐፉ በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ዘጸአት 35ን በጥንቃቄ አንብቡ። ለማደሪያው ድንኳን ከወርቅና ከዕንቍ ጋር የሚመጣው ሴቶች በእጃቸው የፈተሉት ነው። በምዕራፉ መጨረሻም ሸማኔው እግዚአብሔር በጥበብ ከሞላቸው ሰዎች ጋር ይቆጠራል። በሐዋርያት ሥራ 9 ደግሞ በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ ስትሞት መበለቶቹ በጴጥሮስ ፊት የዘረጉት የሠራችላቸውን ልብስ ነው። ስብከት ላይ ስለ ትንሣኤዋ ብዙ ይባላል፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ያን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ወደ ሌላ ነገር እሄዳለሁ። ታምማ ስትተኛ የጀመረችው፣ ያላለቀ ልብስ በቤቷ አልነበረም ይሆን? ዓይኗን ገልጣ ስትነሣ መጀመሪያ የፈለገችው እሱን ሊሆን ይችላል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ሉቃስ አልጻፈውም።

የኅብረታችሁ ወጣቶች አንድ ክረምት ይህን ሥራ ይያዙት። ባለቤቷ በሕይወት ካለች ሳትጠይቋት አገልግሉን አትንኩ፤ ለማን ብላ እንደ ጀመረችው ታውቃለች። ልቃቂቱን አውጥታችሁ ጥላ ላይ አናፍሱት። የጥጥ ጠላት አይጥና እርጥበት ነው፤ ብል የሚያሳድደው እንደ በርኖስና ባና ያለውን የበግ ጸጉር ነው። ከየልቃቂቱ አንዳንድ ክንድ እየሳባችሁ በሁለት እጅ ወጠር አድርጋችሁ ሞክሩ። ቶሎ የሚበጠሰውን ለድር አታስቡት፤ ለማግ ይሆናል። ድሩን ከገበያ ግዙ፤ ሸማኔውም ይህን ይመርጣል። የጎደለውን ማግ ለመሙላት ባዘቶ ገዝታችሁ ከእናቶች ጋር ተቀምጣችሁ ፍተሉ፤ ወንዶቹም ጭምር። እናታችሁ ካለፈች የሠፈር እናት ታስተምራችኋለች፤ ደስ ይላታል እንጂ አትቸገርም።

ወደ ሸማኔው ስትሄዱ ጋሼ ብላችሁ ግቡ፤ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ቤቱን አክብሩ፤ ቡና ከቀረበ ጠጡ። ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ቀብዱንም በዕለቱ ስጡ። የጥለቱን ቀለም የምትመርጠው ፈታይዋ ትሁን። ከዚያ ሸማኔው ልቃቂቶቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየዳሰሰ ይለያቸዋል፤ ይህ የድሮ ነው፣ ይህ የአሁን ነው፣ ይህችኛይቱ እጇ ቀጭን ነበር፣ ይህ ደግሞ ገና ለማጅ የፈተለው ነው እያለ። አንዱን ከሌላው እየቀላቀለ ካልሸመነው በስተቀር ጋቢው ሲዘረጋ የእናታችሁ ፈትል የት ላይ አልቆ የእናንተው የት ላይ እንደ ጀመረ በዓይን ይታያል። እንዲቀላቅለው ወይም እንዲተወው ይጠይቃችኋልና ከቤት ሳትወጡ ተማክራችሁ ሂዱ።